መምህራችንን በሁለት ስንኝ የሸኘንበት

ጋሼ ያረፉት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ከሳንባ ሕመም ጋር ለስምንት ወር ያህል ከታገሉ በኋላ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቤተሰባቸው አልወደደውም፣ እርሳቸውም ቢሆኑ ስማቸው በማስታወቂያ ላይ ሲወጣ የሚያፍሩ ሰው ነበሩ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ለቴአትር ተማሪዎች ድምፅና ንግግር ሲያስተምሩ፣ አንዱ ተማሪ ቃለ ተውኔቱን ገና ማለት ሲጀምር በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ትንፋሽ!» ስለሚሉ፣ ከክፍል ውጭ ሁላችንም የምንጠራቸው «ጋሽ ትንፋሽ» እያልን ነበር። የሐዘናቸውን ሰሞን ታሪክ የምጽፈው እኛ መጀመሪያ ላይ ስላጠፋንና በኋላም ጥፋታችንን የምናቃናበት መንገድ ስላገኘን ነው፤ መምህሩን ያጣ ሌላ የቴአትር ቡድን፣ የመዘምራን ማኅበር ወይም የትምህርት ክፍል ካለ ምናልባት ይጠቅመው ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር ተዋናይ ሲሞት ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። አስከሬኑ በ1948 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይመጣል፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ የሙያ ጓደኞቹ ያለቅሳሉ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጉዞ ይሆናል። እኔም ሆንኩ ጓደኞቼ እንዲህ ባለው ሽኝት ላይ ጥቁር ለብሰን የቆምንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። መምህር ግን ሕዝብ አያውቀውም፤ የሚያውቁት መድረክ ላይ የሚታዩት ልጆቹ ናቸው። እኛም ይህ ቆጭቶን አስከሬናቸው በቴአትር ቤት በኩል እንዲያልፍ ባለቤታቸውን ለመንናቸው። እርሳቸው ግን «እሱ በሕይወቱ መጋረጃ አስከፍቶ አያውቅም፤ ዛሬም አትክፈቱበት» ብለው እምቢ አሉን። ስለዚህ ጋሼ በደብራቸው፣ ጉለሌ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን፣ ከእድርተኞቻቸውና ከእኛ ጋር በጸጥታ ተቀበሩ።

ያጠፋነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው በሰፌድ እየዞረ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከጥግ ተቀምጠው በዝቅተኛ ድምፅ ሲጫወቱ፣ እኛ የቴአትር ሰዎች አንድ ላይ ተሰብስበን ምን እንደምናደርግ ሳናውቅ እንቀመጥ ነበር። ሌላው ለቀስተኛ እንባው ሲመጣ ያለቅሳል፣ ሲደርቅ ዝም ይላል። የእኛ እንባ ግን የሠለጠነ ነው። ለዓመታት ሲባል እንዲመጣ፣ ሲባል እንዲቆም አለማምደነዋል፤ እውነተኛው ሐዘን በመጣ ጊዜ ታዲያ ያለቀስነው እኛ እንሁን ሙያችን ይሁን መለየት አቃተን። አንዲት ጓደኛችን «እያለቀስኩ ራሴን አየዋለሁ፣ እጠላዋለሁ» ያለችኝ በዚያ ድንኳን ውስጥ ነበር።

በሠልስቱ ማታ አንድ ሰው «ግጥም ይነበብ እንጂ፣ ለጋሼ የሚገባቸው ይኸ አይደለም ወይ» አለ። እኔ ተነሣሁ። ሌሊቱን የጻፍኩትና በቃሌ የያዝኩት ከስድሳ ስንኝ በላይ የሆነ ግጥም ነበረኝ። በዚያች ጠባብ ድንኳን ውስጥ እንደ ትልቅ አዳራሽ ደረቴን ሞልቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ጋሼ ራሳቸው ያስተማሩኝን የድምፅ መውጣትና መውረድ አንድም ሳላስቀር አነበነብኩት። የመጨረሻውን ስንኝ ዝቅ አድርጌ ስጨርስ ከኋላ በኩል፣ ምናልባትም ከለመደ እጅ የተነሣ፣ ጭብጨባ ተሰማ። አንድ ሰው ጀመረው፣ አምስት ስድስት ሰዎች ተከተሉት፤ ወዲያው ደግሞ የት እንዳሉ ትዝ ብሏቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የጋሼ ባለቤት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የእድሩ ሊቀ መንበር ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «እዚህ አይጨበጨብም፣ ልጆቼ» አሉ፤ በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር፣ ያሉት ግን በርኅራኄ ነው።

በማግስቱ ከመንዝ የመጡት የጋሼ አክስት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች ስለ ወንድማቸው ልጅ የሚያወሩትን ሲሰሙ ዋሉ። «ጋሽ ትንፋሽ» የሚለውን ቅጽል ስም ከእኛው አፍ የሰሙት ያን ቀን ነው። ወደ አመሻሹ ላይ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ እንዲህ ብለው ሙሾ አወጡ፦

ትንፋሽ ያስተማረ፣ ለሰዉ ልጅ ሁሉ፤
ለራሱ ሲፈልግ፣ አለቀበት አሉ።

በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያለቀሰው ያኔ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ራሴን ሳላይ ያለቀስኩት የመጀመሪያው ልቅሶዬ ነበር። ሴትየዋ መልሰው አላሉትም፣ ሌላም አልጨመሩበትም፤ ትንሽ ቆይተው ውኃ ጠየቁ።

ይህን ነገር ከአንድ ሳምንት በኋላ ፒያሳ፣ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ራቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ስናነሣው ሦስት ሰዎች ነበርን። የእኔ ስድሳ ስንኝ ያላደረገውን የእርሳቸው ሁለት ስንኝ ለምን እንዳደረገው ተከራከርን። አንደኛው ጓደኛችን «እሳቸው አልቃሽ ስለሆኑ ነው፣ ሙያቸው ነው» አለ። አይደለም፤ እኛም ባለሙያዎች ነን። ልዩነቱ እኔ የራሴን ሐዘን ለሰው ማሳየቴ፣ እርሳቸው ግን ለሰው ሁሉ የሚሆን ማልቀሻ መስጠታቸው ይመስለኛል። ደግሞም አጭር ነው። ሐዘንተኛ ሰው ስድሳ ስንኝ ሲሰማ በአሥረኛው ላይ ልቡ ወደ ራሱ ነገር ይሄዳል፤ ሁለት ስንኝ ግን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። ጋሼ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ስለነበሩ፣ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና መሆኑን ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ «ሁለት ያልሞላለት ሃያ አይሞላለትም» የሚሉትም ለዚህ ነው። መልሱ ድሮ ተነግሮን ኖሯል።

ለአርባቸው የወሰንነው እንግዲህ ይህ ነበር፦ የተማረባቸው ሁሉ፣ አብሯቸው የሠራ ሁሉ፣ ተዋናይም ይሁን ትኬት ቆራጭ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ጽፎ ይመጣል። ከሁለት አይበልጥም። በቃል አይባልም፤ ከወረቀት ይነበባል። ልምምድ የለም። ዝነኛው ከማይታወቀው ቀድሞ አይጠራም፤ ወረቀቶቹ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው በዕጣ ይወጣሉ። በቃል እንዳይባል ያልንበት ምክንያት ለሌሎችም የሚጠቅም ይመስለኛል። ተዋናይ ወረቀት ካልያዘ እጁ ይነሣል፣ እጁ ከተነሣ ድምፁ ይከተለዋል፣ ድምፁ ከተከተለ ደግሞ ትርኢት ይሆናል። ወረቀት የያዘ ሰው ግን ማንም ቢሆን አንባቢ ብቻ ነው።

ቀድመን የሄድነው ወደ ባለቤታቸው ነው። ቤተሰቡ ሳይፈቅድ የሚደረግ ማንኛውም መታሰቢያ የወዳጆች ጉዳይ ሳይሆን የወዳጆች ድፍረት ነው፤ እኛ ይህን አንድ ጊዜ ተምረነዋል። እርሳቸው ሦስት ነገር ቃል አስገቡን፦ ፎቶግራፍ በትልቁ እንዳይሰቀል፣ በስልክ በቀጥታ እንዳይተላለፍ፣ ጸሎተ ፍትሐቱና ተዝካሩ ካለቀ በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሆን። ከመካከላችን ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም ስለነበሩ የመጨረሻው ለሁላችንም ተመቸ፤ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ለቤተሰቡና ለምእመናኑ ሆኖ፣ ንባቡ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ እንዲሆን ተስማማን። የደብሩን ቄስም አማከርናቸው። ሰው ደረቱን እስኪደቃ እንዲያለቅስ እንደማይወዱ፣ ሐዋርያው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ማለቱን አስታውሰው፣ «ሁለት ስንኝ ግን ማንን ገደለ» ብለው ፈቀዱ።

መጻፉ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። በተለይ ወጣቶቹ «እኔ ገጣሚ አይደለሁም» እያሉ ሸሹ። እነርሱን የረዳቸው ምን ይሰማሃል ተብሎ መጠየቅ አልነበረም፤ እንዲያውም ያ ጥያቄ ይበልጥ ያስጨንቃቸው ነበር። የረዳቸው ምጣኔው ነው። የወል ቤት የሚባለውን፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ ስድስት ስድስት ቀለም (ቃል ሲነገር በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ) ያላቸው ሁለት ሐረጎች የሚገጠሙበትን የተለመደ ምጣኔ መረጥን፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት በመሆኑ ለዘፈን ያደላብናል፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ተብሎ የሚጠራው ስምንት ስምንቱ ደግሞ ለጀማሪ ይረዝማል። ከዚያ ጋሼ እንደሚያደርጉት በጣታችን ጠረጴዛ እየመታን ቀለም መቁጠር አስተማርናቸው። ሐዘንተኛ ሰው የሚቆጥረው ነገር ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጋሼ ከሞቱ ጀምሮ ስማቸውን መጥራት አቅቶት የነበረው፣ «ይህች ሐረግ ሰባት ሆነችብኝ» እያለ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ስለ ማን እየጻፈ እንደነበረ ለቅጽበት የረሳ ይመስለኛል፤ ሲያስታውስ ደግሞ ስንኙ ሞልቶለት ነበር።

አነባበቡን በተመለከተ ከጋሼ ትምህርት የወሰድነውን ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም በለቅሶ ላይ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚቸገርበት ነው። ልቅሶ ሲመጣ ጉሮሮ ይጠባል፣ ትንፋሽም ወደ ላይኛው ደረት ይወጣና እዚያው ይታገታል፤ ስለዚህ ድምፁ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በስንኙ መጨረሻ፣ አየሩ ባለቀበት ቦታ ነው። ጋሼ «ስንኝ መሐሉ ላይ በር አለው» ይሉ ነበር፤ ሁለቱ ሐረጎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንፋሽ መውሰድ ይቻላል፣ ግጥሙም አይጎዳም። እንደ ስድ ንባብ በአንድ ትንፋሽ እስከ ዳር ለመድረስ የሚሞክር ግን ይወድቃል። ከመጀመር በፊት አየር ከመሳብ ይልቅ ያለውን ቀስ ብሎ ማስወጣት ይሻላል፤ የሚቀጥለው በራሱ ይገባል። ዓይንን ወረቀቱ ላይ ማቆየት፣ በተለይም የሟቹን ልጆች ፊት አለማየት ያግዛል። ወረቀቱን ጠንካራ ካርቶን ላይ መለጠፍ የማይረባ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን በሚንቀጠቀጥ እጅ የሚንኮሻኮሽ ወረቀት አንባቢውን ራሱን ያስፈራዋል። እንባ ካሸነፈ ማቆም፣ መጠበቅ፣ ከዚያም ከተቋረጠበት ቃል ሳይሆን ከስንኙ መጀመሪያ መነሣት ነው። ለማንኛውም ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ሌላ ሰው እንዲቆም አደረግን፤ ከአርባ ሰባቱ አንባቢዎች ውስጥ ይህ ጎረቤት በእርግጥ ያስፈለጋቸው ሁለት ብቻ ነበሩ።

ክራር ይኑር አይኑር የሚለውም ክርክር ነበረብን። ከተማችን ግጥምን ከጃዝ ጋር መስማት ለምዳለች፣ በራስ ሆቴል የነበሩትን ምሽቶች ያልናፈቀ ከእኛ መካከል የለም። ይሁንና ክራሩ በሙከራው ቀን ከአንባቢው ቀድሞ ማልቀስ ጀመረ። ተውነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ጾመ ነቢያት ስለነበር ሽሮና ምስር ከተበላ በኋላ፣ በእድሩ አዳራሽ ሰው ሁሉ በቆርቆሮ ወንበር ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። መድረክ አልነበረም። ጭብጨባም እንዳይኖር አስቀድመን ተናግረናል፤ በየሁለቱ ስንኝ መካከል ግን ማንም ያላቀደው ነገር ሆነ፤ ያነበበው ሰው ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ትንፋሽ ሲያወጣ ይሰማ ነበር።

ከሰማኋቸው ሁሉ ከልቤ ያልወጣው የመብራት ሠራተኛው ነው። እኚህ ሰው ከጋሼ ጋር ለሃያ ዓመት ከአዳራሹ ኋላ፣ በዚያች ጠባብ የመብራት ክፍል ውስጥ ልምምድ ያዩ፣ መድረክ ላይ ግን አንድ ቀን ቆመው የማያውቁ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው እንዲህ አነበቡ፦

መብራት አጠፋሁኝ፣ ሁሉ ሰው ሲወጣ፤
እርስዎ ግን ቀሩ፣ በየት በኩል ልምጣ።

«ቀሩ» የምትለዋን ቃል ጋሼ ቢሰሟት ኖሮ ደስታቸውን አልችለውም ነበር። ሰሙ፣ ልምምድ ካለቀ በኋላ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማስታወሻ እየጻፉ መቅረታቸው ነው፤ ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የመብራት ሠራተኛውም ቁልፍ ይዘው እየጠበቁ ስንት ሌሊት አምሽተዋል። ወርቁ ደግሞ ዳግም ላይመለሱ መቅረታቸው ነው። ሰውየው ቅኔ አስቤያለሁ አላሉም፤ ብንጠይቃቸውም «የሆነውን ጻፍኩ» ብቻ ነው ያሉት።

በውጭ አገር ያሉትን መርሳት አይገባም፤ የእኛ ሙያ ሰዎች ደግሞ በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ለቅሶ ማለት በሥራ መካከል በስልክ የሚደርስ መርዶ ነው፤ ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም፣ ስምንት ሰዓት ወደኋላ በቀረ ቀን ውስጥ ብቻን መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ግጥማቸውን እዚህ ያለ ሰው እንዲያነብላቸው አስበን ነበር፤ ኋላ ግን ራሳቸው በድምፅ ቀርጸው እንዲልኩ አደረግን፣ ይህም ትክክል ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቀርጾ የላካት ስንኝ ከኋላዋ የዝናብ ድምፅ ይሰማባታል፦

ድንኳን አልገባሁም፣ አልቆምኩም ከደጁ፤
ስልክ ላይ አለቀስኩ፣ እኔ የሩቅ ልጁ።

የጋሼ ባለቤት ይህችን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሟት። በኋላ ልጁን ደውለው «ደጄ ላይ ቆመሃል» አሉት።

ያልሆነልንም አለ። ሁለት ሰዎች ሃያ ስንኝ ጽፈው መጥተው፣ ሁለቱን ምረጡ ሲባሉ ተቀይመው ሄዱ፤ ከአንዱ ጋር እስካሁን አልታረቅንም። ጋሼ የጣሉት አንድ የድሮ ተማሪም የነቀፌታ ስንኝ ጽፎ ነበር። እንዲያነብ ፈቀድንለት፤ አዳራሹ ቅር ቢለውም እኔ እስከ ዛሬ አልጸጸትም፣ ምክንያቱም ጋሼ ቁጡ ነበሩ፣ ያን ያህል ሰው ሲያሞግሳቸው ከዋለ በኋላ የእርሱ ስንኝ ፊታቸውን አመጣልን። ይህን ውሳኔ ግን ሌላው ቡድን በራሱ ቤት ይመዝነው፤ ባለቤታቸው አስቀድመው አንብበው «ይነበብ፣ እውነቱን ነው» ባይሉ ኖሮ አንደፍረውም ነበር።

ልጃቸው ስንኞቹን በመድበል እናሳትማቸው ብላ ነበር። እናትየዋ አልተቀበሉትም፤ የለቅሶ ነገር ገበያ አይወጣም አሉ። ስለዚህ ወረቀቶቹ በዚያው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው ሁሉ እጁን ሰድዶ አንድ ያወጣል፣ ለእርሳቸው ያነብላቸዋል፣ ከዚያም ስለ ጻፈው ሰው ወሬ ይነሣል፤ ጋሼም በዚያ ወሬ መሐል ይነሣሉ።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ የወጣችልኝ የራሴዋ ነበረች። በአርባው ዕለት በችኮላ አንብቤያት የተቀመጥኩ፣ ከዚያ ወዲህም ያላየኋት ናት። አቦሉን እስክንጠጣ ይዣት ቆየሁና ቶናው ሲቀዳ አነበብኩላቸው፦

ደብተሬ ይኸው ነው፣ ቀዩን ብዕር ያውጡት፤
አንድ ቀለም ተርፎኛል፣ ይምጡና ይቁረጡት።

ባለቤታቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ባላቸው ሲያደርጉት እንዳዩት፣ ረከቦቱን በጣታቸው ቀስ እያሉ መምታት ጀመሩ። ከመጨረሻዋ ሐረግ ሲደርሱ ሰባተኛው ምት ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይህች ታነክሳለች» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው፤ «እንዲያርሟት ነው የተውኳት።»